«ይቋቋማል» የተባለው ስንዴ ለምን በዋግ ተበላ?

የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «እኔ የምኖረው አዳማ ነው፤ አባቴ ግን ኢተያ አካባቢ ስንዴ ያርሳል። ‹ዋግ ይቋቋማል› ሲባል ዲገሉን ዘራ። ጥቂት ዓመት ጥሩ አመረተበት፤ በ2006 ዓ.ም. ግን ሊታጨድ ትንሽ ሲቀረው በግንድ ዋግ አለቀ። ከዚያ በፊት ኩብሳም በቢጫ ዋግ ተበልቶበታል። አሁን ደግሞ ሌላ ‹የሚቋቋም› ዘር ውሰድ እያሉት ነው። እሱ ‹ዘር ያረጃል፣ ተመራማሪዎቹም ያውቁታል› ይላል። እውነት ዘር ያረጃል? አንዴ የማይበገር ዘር አውጥታችሁ ለምን አትገላግሉንም?»

ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ስንዴ የሚያርስ ሰው ሁሉ በአንድም በሌላም መልኩ ይህንኑ ይጠይቃል። እኔም ሥራዬ ይኸው ነው፤ ስንዴ ዋግን፣ ማለትም በብናኝ የሚዛመተውን የፈንገስ በሽታ፣ እንዴት እንደሚቋቋምና ለምን መቋቋም እንደሚያቅተው ማጥናት። ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ ልመልስልዎ።

አባትዎ ጎተራ ውስጥ ያለው ዲገሉ አላረጀም። ስንዴ እንደ በቆሎ ከጎረቤት ማሳ ብናኝ የሚቀበል ሰብል አይደለም፤ የወንዴው ብናኝ እዚያው አበባ ውስጥ ባለው ሴቴ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ልጁ ወላጁን ይመስላል፣ የልጅ ልጁም እንዲሁ። በኮምባይነር፣ በአውድማ ወይም በጆንያ ከሌላ ዘር ጋር ተደባልቆ ንጽሕናው ሊቀንስ ይችላል፤ በአረምና በተባይም ሊጎዳ ይችላል። በሽታ የሚቋቋምበት ባሕርይ ግን ከዓመት ዓመት ተሸርሽሮ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ዛሬም ያንኑ ዲገሉ ወስደን ድሮ ይቋቋመው ከነበረው የዋግ ዝርያ ጋር ብናጋጥመው፣ ያኔ እንደተቋቋመው ይቋቋመዋል። የተለወጠው ስንዴው ሳይሆን ከፊቱ የቆመው በሽታ ነው።

ታሪኩን ከመነሻው ማወቅ ይጠቅማል፤ ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው፣ የአባትዎ 2006 ዓ.ም. መኸርም 2013 ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ዑጋንዳ ውስጥ ከተሰበሰበ ናሙና አንድ አዲስ የግንድ ዋግ ዝርያ ተገኘ፤ በተከታዩ ዓመት ስለተሰየመ ዩጂ99 ተባለ። ያስደነገጠው ነገር ኤስአር31 የሚባለውን ዘረመል መስበሩ ነው። ይህ ዘረመል የስንዴ ዘመድ ከሆነው ከራይ ወደ ስንዴ የተሻገረ ሲሆን፣ ለአሥርት ዓመታት ሳይሰበር ስለቆየ በዓለም ዙሪያ እጅግ ብዙ የስንዴ ዝርያዎች ውስጥ ገብቶ ነበር። ዩጂ99 በ2001 ኬንያ፣ በ2003 እኛ አገር ታየ፤ በ2006 የመን፣ በ2007 ኢራን ደረሰ። ዲገሉ የተለቀቀው በዚያ ሁሉ ጭንቀት መካከል፣ በ2005 ነው። ዩጂ99ን ይቋቋም ነበር፤ ይህ እውነት ነው፣ የተፈተነም ነው። በ2010 ቢጫ ዋግ ኩብሳንና ገለማን ሲያወድም፣ ከ600 ሺህ ሄክታር በላይ ስንዴም ሲጠቃ፣ ዲገሉ ቢጫ ዋግንም ስለተቋቋመ ገበሬው ወደ እሱ ዞረ። አባትዎም የዞሩት በዚያን ጊዜ ይመስለኛል። ውሳኔያቸው ትክክል ነበር።

በ2012 ግን ሌላ የግንድ ዋግ ዝርያ ኢትዮጵያ ውስጥ ተገኘ። በሙያው አጠራር ቲኬቲቲኤፍ ይባላል፤ ከዩጂ99 ወገን አይደለም። የዲገሉ መከላከያ በዋናነት ኤስአር-ቲኤምፒ በሚባል አንድ ዘረመል ላይ የቆመ ነበር፤ አዲሱ ዝርያ ደግሞ በትክክል ያንን ያልፋል። በ2013 መኸር አርሲና ባሌ ላይ የደረሰውን እርስዎም ያውቁታል። ነገሩ የእኛ ብቻ አልነበረም። በዚያው ዓመት የዚሁ ወገን ዋግ ጀርመን ውስጥ ስንዴ አጠቃ፤ እንግሊዝ አገርም ወደ 60 ዓመት ገደማ ታይቶ የማያውቅ የግንድ ዋግ አንድ የስንዴ ተክል ላይ ተገኘ።

አንድ ዘረመል እንዴት አንዱን ዋግ አስቁሞ ሌላውን ያሳልፋል? ዋግ የሞተ ነገር አይበላም፤ የሚመገበው ሕይወት ካለው የተክል ሕዋስ ብቻ ነው። ቅጠል ላይ ያረፈው ብናኝ ጤዛ ሲያገኝ ይበቅልና ወደ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያም ሕዋሱን የሚያታልሉ ፕሮቲኖችን ይረጫል። የመከላከያው ዘረመል እንደ ዘበኛ ነው፤ ከእነዚያ ፕሮቲኖች አንዱን በመልኩ ያውቀዋል። እንዳወቀው ያ ሕዋስ ራሱን ይገድላል፣ ዋጉም በረሃብ ይሞታል። ነገር ግን ዘበኛው የሚያውቀው ያንን አንድ መልክ ብቻ ነው። ዋጉ ያንን ፕሮቲን ከለወጠው ወይም ከጣለው ሳይታወቅ ያልፋል። አሜሪካዊው ሃሮልድ ፍሎር ይህን ጥንድ ግንኙነት በ1940ዎቹ ያሳየው በተልባና በተልባ ዋግ ላይ ነው፦ በተክሉ በኩል ላለው ለእያንዳንዱ መከላከያ በዋጉ በኩል የሚመልስለት ዘረመል አለ። ዛሬ ስንዴ ላይ የምንሠራው ሥራ ሁሉ ከዚህ ይነሣል።

ላቦራቶሪ ውስጥ ይህን በዓይን ማየት ይቻላል። በሳምንት ገደማ የበቀለ የስንዴ ችግኝ ላይ በቀላል ዘይት የተበጠበጠ የዋግ ብናኝ ይረጫል፤ ሌሊቱን እርጥበት ባለው ጨለማ ክፍል ያድራል፤ ከዚያ ብርሃን ወዳለበት ይወጣል። በ14ኛው ቀን ገደማ ቅጠሉን አንሥተው ወደ ብርሃን ሲያዩት፣ የተቋቋመው ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል የደረቀች ነጥብ ብቻ አለች፤ ሕዋሱ ራሱን የገደለባት ቦታ ናት። ያልተቋቋመው ላይ ደግሞ የቅጠሉ ቆዳ ተቀዶ ጡብ የመሰለ ቀይ ዱቄት ወጥቷል፤ ጣትዎን ቢያስነኩት ይቀባዎታል። መከላከያቸው አንድ በአንድ የታወቀ 20 የስንዴ ዓይነቶች ጎን ለጎን ተዘርተው ይህ ይነበባል። የትኞቹ እንደተበሉና የትኞቹ እንደተረፉ በአራት በአራት እየተቧደነ ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ፊደል ይሰጠዋል። የዋጉ ዝርያ አምስት ፊደል ያለው ስም የሚያገኘው በዚህ መንገድ ነው። አምቦ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል ከየአካባቢው የሚላኩ የግንድ ዋግ ናሙናዎችን በዚህ መንገድ ይለያል።

አሁን «የማይበገር ዘር» ወደሚለው ልምጣ። አንዲት የዋግ ቁስል በቀን በሺዎች የሚቆጠር ብናኝ ትለቃለች፤ አየሩ ከተመቸው ከኢንፌክሽን እስከ አዲስ ብናኝ ሁለት ሳምንት ያህል ብቻ ይፈጃል። ከዚያ ሁሉ ብናኝ መካከል ያችን አንዲት ፕሮቲን የለወጠ አንድ መገኘቱ የጊዜ ጉዳይ ነው። ያ አንዱ የሚወድቀው ልዩ ልዩ ስንዴ ባለበት አገር ከሆነ የሚበላው ጥቂት ነው። ከኢተያ እስከ ሮቤ አንድ ዓይነት ስንዴ ተዘርቶ ካገኘ ግን የሚያቆመው የለም። እንቆይ በ1993 እና 1994 በግንድ ዋግ የጠፋው፣ ኩብሳ በ2010 በቢጫ ዋግ የተመታው፣ ዲገሉ በ2013 የተበላው በዚሁ አንድ መንገድ ነው፦ ጥሩ ዘር ወጣ፣ ሁሉም ዘራው፣ መከላከያውም በጥቂት ዘረመል ላይ የቆመ ነበር። አባትዎ «ያውቁታል» ማለታቸው ትክክል ነው። በአንድ ዘረመል ላይ የቆመ መከላከያ አንድ ቀን እንደሚሰበር እናውቃለን፤ ቀኑን አናውቅም። ይህም ዘሩ ለገበሬው በሚሰጥበት ቀን፣ በግልጽ አማርኛና በግልጽ ኦሮምኛ ሊነገር ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። «ይቋቋማል» ብቻ ተብሎ የተሰጠ ዘር ገበሬው ማሳውን ማየት እንዲያቆም ያደርገዋል፤ ዋግን ደግሞ ቀድሞ የሚያየው ከገበሬው ሌላ ማንም የለም።

ታዲያ መፍትሔ የለም ማለቴ አይደለም። ሌላ ዓይነት መከላከያ አለ፤ እኔም የምደክመው ለእሱ ነው። አንዳንድ ዘረመሎች ዋጉን አያስቆሙትም፣ ያዘገዩታል። ቁስሉ ትንሽ ይሆናል፣ ብናኙ ያንሳል፣ የሚወጣውም ዘግይቶ ነው። አንዱ ኤስአር2 ነው። በ1920ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ከኤመር፣ እኛ አጃ ከምንለው የስንዴ ወገን፣ ወደ ዳቦ ስንዴ ተሻገረ፤ ወደ መቶ ዓመት ሊሆነው ነው፣ ዛሬም ይሠራል። ሌላው ኤልአር34 ሦስቱንም ዋጎች፣ የግንዱን፣ የቅጠሉንና ቢጫውን፣ ያዘገያል። ዘረመሉ ራሱ በ2009 ተለይቶ ሲታወቅ ዘበኛ አለመሆኑ ታወቀ፤ ንጥረ ነገር በሕዋስ ሽፋን የሚያሳልፍ ፕሮቲን ነው የሚሠራው። የዋጉን መልክ ስለማያይ ዋጉ መልኩን በመለወጥ አያመልጠውም።

ችግሩ እያንዳንዳቸው ብቻቸውን ደካማ ናቸው። ዋግ በበረታበት ዓመት ኤስአር2 ብቻውን የያዘ ስንዴ ይጎዳል። አራት አምስት ሆነው አንድ ስንዴ ውስጥ ሲገቡ ግን ማሳው ከዋግ ነፃ እስከመምሰል ይደርሳል። እነሱን ማሰባሰብ ነው ዓመታት የሚፈጀው። ሲዳቀል በየትውልዱ ሺህ ተክል ይታያል፣ አብዛኛው ይጣላል፤ ከመጀመሪያው ማዳቀል እስከ ዘር መልቀቅ አሥር ዓመት ገደማ መሄድ የተለመደ ነው። በዘረመል ምልክት መምረጥ ይህን ያሳጥራል፤ ኬንያ ንጆሮ ላይ፣ እኛም ዘንድ ቁሉምሳና ደብረ ዘይት ባሉት የምርምር ማዕከላት በበሽታ መሃል የሚደረገውን ፍተሻ ግን አይተካውም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማይቀበለኝን ልናገር። ቁሉምሳ ማሳ ላይ የምናጠናቸው መደቦች ዙሪያቸውን ሆን ተብሎ በሚበላ ስንዴ ይከበባሉ፤ ዋጉ ከዚያ ወደ ውስጥ ይነፍሳል። ጎብኚ ሲመጣ ዓይኑ የሚያርፈው ምንም ነጥብ በሌለው፣ ንጹሕ አረንጓዴ በሆነው መደብ ላይ ነው። እኔ አጠገቡ ያለውን እመርጣለሁ፤ ግንዱ ላይ ትንንሽ፣ የተበታተኑ፣ የማይሰፉ ቁስሎች ያሉበትን፣ ፍሬው ግን ሞልቶ የሚወቃውን። ንጹሑ ንጹሕ የሆነው በአንድ ብርቱ ዘረመል ብቻ ከሆነ ነገ የሚሆነው አይታወቅም። ጥቂት ዋግ ያለበት ማሳ ብዙ ዓመት ሊኖር ይችላል። አባትዎ ጥቂት ቀይ ነጥብ የታየበት ዘር ሁሉ ወድቋል ብለው እንዳይጥሉት አደራ እላለሁ። ሌላም ነገር አለ፦ ኤስአር2 ያለበት ስንዴ አንዳንዴ የዛላው ገለባና የግንዱ አንጓ ይጠቁራል፤ ኤልአር34 ያለበት ደግሞ የቅጠሉ ጫፍ ይደርቃል። ገበሬው በሽታ መስሎት ይደነግጣል። ቁስል ከሌለው፣ ጣት ላይ ዱቄት ካልቀባ፣ የመከላከያው ምልክት ሊሆን ይችላል።

የአገራችንን ገበሬ ሥራ ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። እ.ኤ.አ. በ1937 እና 38 የጀርመን ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያ የገብስ ዘር ሰብስበው ወሰዱ። ከዚያ ገብስ ውስጥ ኤምኤልኦ የሚባል ዘረመል በተፈጥሮ ተሰናክሎ ተገኘ፤ ሲሰናከል ነጭ ዱቄት የመሰለውን የቅጠል በሽታ የሚከለክል ሆነ። ከ1979 ጀምሮ አውሮፓ ውስጥ በብዙ የቢራ ገብስ ዝርያዎች ገብቷል፣ እስከ ዛሬም ይሠራል። የገብስን ቢጫ ድንክ ቫይረስ የሚቋቋመው ዘረመልም የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው። ተመራማሪ አልፈጠራቸውም፤ ደጋ ላይ ገብስ ሲዘራ፣ ሲመርጥ፣ ለልጁ ሲያወርስ የኖረ ገበሬ ጠብቆ አቆያቸው። በየመንደሩ የሚጠፋ የአገር ዘር ለዚህ ነው የሚያሳምመኝ።

አንድ የአዳማ ጉዳይም አለ። በአዋሽ ዳር በበጋ መስኖ የሚዘራው ስንዴ እየሰፋ ነው፤ ለአገሪቱ ዳቦ ይጠቅማል፣ እኔም እደግፈዋለሁ። ነገር ግን የግንድ ዋግ ሞቃት ቦታ ይወዳል፣ ከወቅት ወደ ወቅት ለመሻገርም አረንጓዴ ስንዴ ያስፈልገዋል፤ በደረቀ ቃርሚያ ላይ ብዙ አይቆይም። ባሌ በልግና መኸር ስለሚያርስ ድልድዩ ድሮም ነበር፤ አሁን በቆላውም ተጨምሯል። ቆላው በበጋ፣ ደጋው በክረምት አንድ ዓይነት ዘር ከዘሩ ዋጉን ዓመቱን ሙሉ በአንድ ምግብ እየቀለብነው ነው። ለመስኖው የሚመረጠው ዘር መከላከያው ከመኸሩ የተለየ መሆን አለበት፤ ከምርት መጠን እኩል ሊታይ የሚገባው መስፈርት ይመስለኛል። በመሃል ከወደቀ ፍሬ ራሱን አብቅሎ የሚቆም ስንዴም መገልበጥ አለበት።

አባትዎ ዘንድሮ ምን ያድርጉ? ዲገሉን ለመኸር አይመልሱት። አዲስ ዘር ሲሰጣቸው የልማት ሠራተኛውን «ይቋቋማል ወይ?» ብለው ብቻ አይለፉ፤ «ከሦስቱ ዋግ የትኛውን ነው የሚቋቋመው? የትኛው ላይ ደካማ ነው? ባለፈው ዓመት በዚህ ወረዳ እንዴት ሆነ?» ይበሉ። መሬታቸው ከፈቀደ ሁለት ዓይነት ዘር በተለያየ ማሳ ይዝሩ፤ ከተቻለ ከጎረቤት ጋር ተነጋግረው። ክረምቱ ሲበርድና ሲያጤዝ መጀመሪያ ቢጫ ዋግን፣ ሙቀቱ ሲጨምር የግንዱን ይፈልጉ። ቢጫው ቅጠል ላይ በመስመር ይደረደራል፤ የግንዱ ቁስል ትልቅ ነው፣ ቆዳውን ይቀዳል፣ ኋላ ይጠቁራል። ማሳው ዳር ቆሞ ማየት አይበቃም፤ ገብቶ ግንዱን ገልጦ ከታችኛው አንጓ ጀምሮ ማየት ያስፈልጋል። መድኃኒት የሚረጨው የመጀመሪያው ቁስል እንደታየ ነው፤ ቲልትም ይሁን ሬክስ ዱኦ፣ መጠኑ ማሸጊያው ላይ እንደተጻፈው። ፍሬው ከጠነከረና ግንዱ ከጠቆረ በኋላ የሚረጭ መድኃኒት የገንዘብ ብክነት ነው።

«ይቋቋማል» የተባለ ዘር ላይ ብዙና ትልልቅ ቁስል ካዩ ደግሞ ሳይውሉ ሳያድሩ ናሙና ይላኩ። ከግንዱ ቁስል ያለበትን፣ ጣት የሚያህል ርዝመት ያላቸውን ጥቂት ቁራጮች ይቁረጡ፤ ጥላ ላይ ያድርቋቸው፤ በወረቀት ፖስታ ያድርጓቸው። በፌስታል አይሁን፤ እርጥበቱ ያሻግተውና ብናኙ ይሞታል። ፖስታው ላይ የዘሩን ስም፣ ቀበሌውን፣ የተቆረጠበትን ቀንና መድኃኒት ተረጭቶ እንደሆነ ይጻፉ፤ ከዚያ በልማት ሠራተኛው በኩል ወይም እርስዎ ኢተያ ሲሄዱ ራስዎ ቁሉምሳ ቢያደርሱት ወደሚመለከተው ላቦራቶሪ ይደርሳል።